ለተመታው ጭንቅላት ማን ይካስ? ከጅማ ለብሔራዊ ሆኪ ሊግ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ ሆኪ ሊግ የተጫዋቾች ደኅንነት ክፍል

ግልባጭ፦ ለተጫዋቾች ማኅበር፤ በካናዳና በአሜሪካ ልጆቻቸውን የበረዶ ሆኪ ለሚያጫውቱ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ጭንቅላት በሚመታ ተጫዋችና በሚሰለፍበት ክለብ ላይ ስለሚጣል ቅጣት

ክቡራን ሆይ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። በከተማችን በረዶ የምናየው በክረምት ሲሆን፣ ቆርቆሮውን ደብድቦና የጓሮውን ጎመን ሰነጣጥቆ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይቀልጣል። ሰው በበረዶ ላይ ስለት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተተ፣ በሙሉ ፍጥነት ሌላውን ሰው ሲገጭ ያየሁት በስተርጅና ነው። 34 ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ጨዋታችሁ የማውቀውን ያወቅሁት በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ከሚኖረው ከታናሽ እኅቴ የልጅ ልጅ ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። እሱ ዘንድ ቅዳሜ ማታ ሲሆን እኔ ዘንድ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነውና፣ ጀበናው ሳይወርድ ስልኬ ይጮኻል፤ የሳምንቱን ጨዋታ በቪዲዮ እያሳየ ይተርክልኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ አልደወለም። በማግስቱ እናቱ ደወለች። አንድ የተጋጣሚ ቡድን ልጅ በትከሻው አገጩን መትቶት ወድቋል። ተነሥቶ ወደ ራሱ ቡድን መቀመጫ መሄድ ሲገባው ወደ ተጋጣሚው መቀመጫ ሄደ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ነገሩ ገብቶት አስወጣው። ሐኪሙ የአንጎል መናወጥ ነው አለ። ልጁ ሦስት ሳምንት ከሜዳ ርቆ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ትምህርቱና ወደ ልምምዱ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ሐኪም በጽሑፍ ሲፈቅድለት ተጫወተ። የመታውን ልጅ ዳኛው ወዲያውኑ ወደ ቅጣት ሳጥን፣ ማለትም የተቀጣ ተጫዋች ለጥቂት ደቂቃ ከጨዋታ ወጥቶ ወደሚቀመጥበት ቦታ፣ ልኮት ነበር። ያ ልጅ ሊጎዳው አላሰበም፤ የእኛም ልጅ ይህንኑ ነው የነገረኝ። የካናዳ ሆኪ ማኅበር ግን ከ2011–12 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ጀምሮ በልጆች ጨዋታ ጭንቅላትን በአጋጣሚም ቢሆን የነካ ይቀጣል ብሎ ወስኗል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ ሁሉም በእናንተ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁ ካገገመ በኋላ ከእናንተ ሊግ አንድ ግጭት አሳየኝ። ጭንቅላቱን የተመታው ሰው በበረዶው ላይ ተዘርሯል፤ ዳኛው ግን ዝም ብሏል፣ ጨዋታው ቀጥሏል። «አባባ፣» አለኝ፣ «እኔን የመታኝ ልጅ ሳያስበው ነበር፤ ግን ተቀጣ። ይህ ትልቅ ሰውዬ ለምን አልተቀጣም?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችሁንና ውሳኔዎቻችሁን ሳነብ ከረምኩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ንባቡ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የሰው ጭንቅላት መትቼ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1963 ዓ.ም. ገና ነው። ያኔ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ምናልባት አታውቁ ይሆናል፤ እኛም ከናንተ ጨዋታ ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ አለን። ስሙም ከበዓሉ ጋር አንድ ነው፤ ገና ይባላል። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ሩር የምንላት ክብ እንጨት እየተመታች ወደ ተጋጣሚ ክልል ትነዳለች። በረዶ የለውም፣ የራስ ቁር የለውም፣ የቅጣት ሳጥንም የለውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባል አባባል ግን አለው። በዚያ ቀን ባለጌታውና ሎሌው እኩል ሆነው ይጋፋሉና የተመታ ቂም አይይዝም፣ የመታም አይጠየቅም ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ «የጨዋታው አካል ነው» ስትሉ የምሰማው ይህንኑ ይመስለኛል።

ከአወቱ ወንዝ ማዶ በነበረ ሜዳ ላይ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ተቀላቅሎ ይጫወት ነበር። የልብ ጓደኛዬ ከጅሬን በኩል የሚመጣ ልጅ ነበር፤ በሒሳብ ከክፍላችን የሚስተካከለው አልነበረም። በዚያ ቀን በተቃራኒ ቡድን ተሰለፍን። ሩሯ በመካከላችን ቆመች። እኔ ዱላዬን ከትከሻዬ በላይ አንሥቼ በሙሉ ኃይሌ ሰነዘርኩ፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ሊያወጣት ጎንበስ አለ። የዱላው ቆልማማ ከጆሮው በላይ አረፈ። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። ወደቀ፤ ሁላችንም ዝም አልን፤ ከዚያ ተነሥቶ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ጥቂት ቆይቶ ዛፍ ሥር ሄዶ አስመለሰው፤ ተመልሶም እስከ ማታ ተጫወተ።

ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ አልለቀቀውም። ፀሐይ መቋቋም አቃተው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እየተደበላለቀበት በዚያ ዓመት ትምህርቱን አቋረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ እኔ ከሱ አንድ ክፍል ቀድሜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልደረሰብኝም። ዛሬ ሁለታችንም ሸምግለናል፤ ራስ ምታቱም አብሮት አርጅቷል።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ እኔን አስከትሎ፣ ሙክት ጎትቶ፣ ወደ ጓደኛዬ አያት ቤት ሄደ። አያቱ በአካባቢያቸው የተከበሩ የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ «ልጄ ሆን ብሎ አልነበረም» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌው አቋረጡት። «ስለ ልጅህ ልብ አልጠየቅኩህም። የታመመው የልጄ ጭንቅላት ነው» አሉት። ቀጥለውም አባቴን «ከእሱ ጋር በአንድ ወገን የተጫወቱት እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁት።

በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባል ሥርዓት አለ። ሕይወት ሲጠፋ ወይም አካል ሲጎድል ሽማግሌዎች ተቀምጠው ካሳ ይቆርጣሉ፤ ካሳውን የሚከፍለው አጥፊው ብቻ ሳይሆን ጎሣው አዋጥቶ ነው። እርቁ የሚወርደውም ደም መላሽ ተነሥቶ በአንድ ደም ላይ ሌላ ደም እንዳይጨመር ነው። ሽማግሌው የእኛ ነገር እዚያ ድረስ እንደማይሄድ ያውቁ ነበር። ሐሳቡን ግን ወሰዱት፤ በእኔ ወገን የተጫወቱት ልጆች ቤተሰቦች ሁሉ ያዋጡ አሉ። ጎረቤት አጉረመረመ። በገና ጨዋታ ካሳ ተሰምቶ አያውቅም፣ ደግሞስ ያልመታው ልጅ ቤተሰብ ለምን ይከፍላል ተባለ። በመጨረሻ ግን ሁሉም ሰጠ፤ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ሁለት ኪሎ ቡና፣ አንዲት መበለት አንድ ብር። ገንዘቡ ልጁን ወደ ሆስፒታል አመላለሰበት።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። በሚቀጥለው ገና እኔ ዱላዬን ከጉልበቴ በላይ ባነሣሁ ቁጥር «ዝቅ አድርግ!» እያሉ የሚጮኹብኝ የተጋጣሚ ልጆች አልነበሩም። የራሴ ወገን ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው ዶሮ ከፍለዋልና።

ከናንተ የምለምነውም ይህንኑ ነው። ጭንቅላት የመታ ተጫዋች ይቀጣ፤ ቅጣቱ ግን እሱ ላይ ብቻ አይቁም፣ ክለቡም ይሰማው።

በመጀመሪያ ስለ «ማሰብ» እና «አለማሰብ» ልናገር። በመጋቢት 2010 የፒትስበርጉ ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድ ከጎን መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። ሳቫርድ በቃሬዛ ወጣ። ኩክ አልታገደም፤ በጊዜው የነበረው ደንብ እንዲህ ያለውን ምት አይከለክልምና። ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት የፍሎሪዳው ዴቪድ ቡዝ እንዲሁ ሲመታ የመታው አልታገደም ነበር። ከሳቫርድ በኋላ ግን በዚያው ወር እንዲህ ያለው ምት እንዲቀጣ ወሰናችሁ፤ ከ2010–11 የውድድር ዘመን ጀምሮም ደንብ ቁጥር 48 አድርጋችሁ አወጣችሁት፤ ለዚህ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ሳቫርድ በግንቦት ተመልሶ ተጫወተ፤ በጥር 2011 እንደገና ተመታ፤ ከዚያ በኋላ በሊጋችሁ አልተጫወተም።

ደንቡን ሁለት ጊዜ አሻሽላችኋል። ከ2013 ጀምሮ ጥፋት የሚሆነው ዋናው ንክኪ ጭንቅላት ላይ ሲያርፍና ንክኪውን ማስቀረት ይቻል የነበረ ሲሆን ነው። ማስቀረት ይቻል እንደነበር ለመወሰን ዳኛው ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል የተመታው ሰው ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ነበር ወይ፣ ምቱ ሊያርፍ ሲል የአካሉን ወይም የጭንቅላቱን አቀማመጥ ለውጦ ነበር ወይ የሚሉ ይገኙባቸዋል።

ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ነበር። በናንተ ደንብ ብዳኝ ኖሮ ነፃ የምወጣ ይመስለኛል። እሱ ግን ነፃ አልወጣም።

አለማሰብ ጥፋትን አያስቀርም የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናንተም በሌሎች ደንቦቻችሁ ብላችሁታል። ተጫዋች ዱላውን ከፍ አድርጎ የሌላውን ፊት ቢመታ ሁለት ደቂቃ ይቀጣል፤ ጉዳት ካደረሰ አራት ደቂቃ ይሆናል። ፓኳን፣ ማለትም እንደ ሩር የምትመታዋን ክብ ጎማ፣ ሲለጋ ወይም ዱላው ከምት በኋላ በተፈጥሮ ሲወናጨፍ ካልሆነ በቀር «ሳላስበው ነው» ማለት አያድነውም፤ ደንባችሁ ተጫዋች ለዱላው ኃላፊ ነው ይላልና። ከዚያም በላይ አለ። ከ2005–06 ወዲህ ተጫዋች ከራሱ የመከላከያ ክልል ፓኳን ከመስታወቱ በላይ በቀጥታ አሻግሮ ካወጣ፣ ምንም ሳያስበው ይሁን፣ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል። ለተመልካች የተላከች አንዲት የጎማ ቁራጭ ሐሳብ አይጠየቅባትም፤ ለሰው ጭንቅላት ግን ይጠየቃል። ተጫዋች ለዱላው ኃላፊ ከሆነ ለትከሻውና ለክርኑ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም። በልጆች ጨዋታ እንደሚደረገው ጭንቅላት የነካ ሁሉ በሜዳው ላይ ይቀጣ። ማሰቡና አለማሰቡ ቦታ ቢሰጠው ከዚያ በኋላ፣ የእገዳው ርዝመት ሲወሰን ይሁን።

ረጃጅም ተጫዋቾች ይበደላሉ የሚል ክርክር አንብቤያለሁ። የቦስተኑ ዝዴኖ ቻራ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ስለነበር ክርኑ የብዙ ሰው ጭንቅላት ላይ ይደርስ ነበር ይባላል። ዱላዬ ረጅም ነው ብሎ የሚከራከርን ተጫዋች ግን አትሰሙትም። ረጅሙ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ይግጭ፤ ካልቻለም ፓኳን ይንጠቅ እንጂ ሰውየውን ይተወው።

ወደ ክለቦች ልመለስ፤ የመጣሁት ለዚህ ነውና።

በየካቲት 2004 የኮሎራዶው ስቲቭ ሙር የቫንኩቨሩን አምበል ማርኩስ ናስሉንድን ጭንቅላቱን መታው። ሊጋችሁ አይቶ ሕጋዊ ነው አለ። ቫንኩቨሮች ግን አልረሱም። በመጋቢት 8 ቀን ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ቶድ በርቱዚ ሙርን ከኋላው መጥቶ በቡጢ ደበደበው፤ ከላዩም ወደቀበት። የሙር የአንገት አጥንቶች ተሰበሩ፣ አንጎሉ ተናወጠ፤ ዳግመኛ አልተጫወተም። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ስም አለው፤ ደም መመለስ ነው። ሽማግሌ ያልዳኘውን ደም ወንድም ይመልሰዋል። ሊጋችሁ ለናስሉንድ ጭንቅላት አንዳች ነገር ቢያደርግ ኖሮ የሙር አንገት ባልተሰበረ ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ጉማን ያቆሙት ሰዎች የሚፈሩት ልክ ይህንን ነበር፤ የመጀመሪያው በደል ሳይዳኝ ሲቀር ሁለተኛው ከፍቶ ይመጣል።

በዚያን ጊዜ አንድ ነገር አደረጋችሁ። በርቱዚን ብቻ አላገዳችሁም፤ የቫንኩቨርን ክለብ 250,000 ዶላር ቀጣችሁ። ስለዚህ ክለብን መቅጣት እንግዳ ነገር ነው አትበሉኝ፤ ሥልጣኑ እንዳላችሁ አሳይታችኋል።

ከዚያ ወዲህ ግን ክለብ ሲቀጣ ያነበብኩት በአብዛኛው በአፉ ምክንያት ነው። በ2013 ራፊ ቶሬስ ጭንቅላት በመምታት ሲታገድ ክለቡ ሳን ሆሴ በአደባባይ ተከራከረለት፤ ለንግግሩ 100,000 ዶላር ተቀጣ። በግንቦት 2021 ደግሞ የዋሽንግተኑ ቶም ዊልሰን በበረዶው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የነበረውን የኒውዮርክ ሬንጀርስ ተጫዋች ፓቬል ቡችኔቪችን በቡጢ መታው፤ ቅጣቱ 5,000 ዶላር ሆነ፤ በጊዜው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር የነበራችሁ ስምምነት የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ይህ ነበር ተባለ። ሬንጀርሶች ውሳኔውን በጽሑፍ ሲነቅፉ 250,000 ዶላር ተቀጡ። የመታው 5,000፣ የጮኸው 250,000። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም አለኝ። የሚናገረው አጥቶ አይደለም፤ ያዘነ ጊዜ እንዲያ ነው።

ክለብ በተጫዋቹ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ሁለት ሰዎችን አነጻጽሩ። ማት ኩክ ሳቫርድን ከመታ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2011፣ የሬንጀርስን ተጫዋች በክርኑ ጭንቅላቱን መታ። ቀሪዎቹን 10 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎችና የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ዙር በሙሉ አገዳችሁት። የገዛ ክለቡ አልቆመለትም። ከክለቡ ባለቤቶች አንዱ የነበረው ማሪዮ ለሚዩ በዚያው ዓመት ተጫዋቻቸው የታገደባቸው ክለቦች በእገዳው ርዝመት መጠን ገንዘብ ይክፈሉ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበርና፣ ከቤቱ የወጣ ጥፋት አሳፍሮታል። ኩክ አጨዋወቱን ለወጠ፤ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን የቅጣት ደቂቃው ካለፈው ከግማሽ በታች ወረደ። ሰው መለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ ወገኑ «ዝቅ አድርግ» ሲለው።

ቶሬስ ግን በ2012 ማሪያን ሆሳን ጭንቅላቱን መትቶ 25 ጨዋታ ታገደ፤ በይግባኝ 21 ሆነለት። በ2013 እንደገና ታገደ፤ ከላይ እንዳልኩት አዲሱ ክለቡ ጠበቃ ሆነለት። በጥቅምት 2015 የአናሃይሙን ያኮብ ሲልፍቨርበርግን መታ፤ ያን ጊዜ 41 ጨዋታ አገዳችሁት፤ ከ82 ጨዋታዎች ልክ ግማሹ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሊጋችሁ አልታየም። ቅጣቱ ትልቅ ነበር፤ አልነቅፈውም። የመጣው ግን ቢያንስ ሦስት ሰዎች ወድቀው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ተጫዋች ጭንቅላት መትቶ ሲታገድ ክለቡ በሱ ቦታ ሌላ ሰው አያሰልፍ። ለአንድ ጨዋታ ሁለት በረኞችና 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ እገዳው እስኪያልቅ 17 ይሁኑ። ገንዘብ ለባለሀብት ክለብ ቀላል ነው፤ ባዶ ወንበር ግን አሠልጣኙን ያስጨንቀዋል፣ ጓደኞቹንም ያደክማቸዋል። በተመልካች ፊት ሳይሆን በመልበሻ ክፍል ውስጥ «ዝቅ አድርግ» የሚሉት ያኔ ነው።

አንዳንዶች የመታው ሰው የተመታው እስኪድን ድረስ ይታገድ ይላሉ። በመጀመሪያ ሲሰማ ፍትሕ ይመስላል፤ እኔም ጥቂት ቀን ደግፌው ነበር። ሳስበው ግን ተውኩት። የአንጎል መናወጥ እንደ አጥንት ስብራት በፎቶ አይታይም፤ መዳኑ የሚታወቀው በበሽተኛው ቃልና በሐኪም ትዕግሥት ነው። የመታው መመለስ በተመታው ቃል ላይ ከተንጠለጠለ ሕመምተኛው ላይ ጫና ይመጣል፤ አንዱ «ቶሎ ድነሃል በል» ይለዋል፣ ሌላው «ገና ነኝ በል» ይለዋል። ተራ ተጫዋች የተጋጣሚን ኮከብ አስወጥቶ አብሮ ቢታገድም ክለቡ በልውውጡ ያተርፋል። በጉማም ካሳውን የሚቆርጡት ሽማግሌዎች ናቸው እንጂ የቁስለኛው ቤተሰብ ብቻውን አይደለም። ርዝመቱን እናንተ ቁረጡ፤ ስትቆርጡ ግን ጉዳቱን በሚዛኑ ላይ አድርጉት፣ የቀደመ ጥፋቱንም አትርሱ። ሲታገድ የሚቀማው ደመወዝ ሲሰላ ተጫዋች «ደጋጋሚ» የሚባለው ባለፉት 18 ወራት ታግዶ ከሆነ ነው። አሥራ ስምንት ወር ለጭንቅላት አጭር ነው። ጓደኛዬ ከ50 ዓመት በኋላም አልረሳም።

ሌላው የገንዘቡ መንገድ ነው። የታገደ ተጫዋች የሚያጣው ደመወዝ ለተጫዋቾች የአደጋ ጊዜ መረዳጃ ፈንድ ይገባል። መልካም ነው፤ የተቸገረ ይረዳበታል። ነገር ግን ከዚያ ላይ የተወሰነው ክፍል ጭንቅላቱን ለተመታው ሰው ስም ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ ራስ ምታቱ ሲመለስበት መታከሚያ ይሆነዋል። ስቲቭ ሞንታዶር የሚባለው የቀድሞ ተጫዋች በየካቲት 2015 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሲቲኢ የሚሉት በሽታ ተገኘበት። በ2018 ከ300 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች በአንጎል ጉዳት ከከሰሷችሁ በኋላ ጥፋተኝነት ሳታምኑ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ክፍያ ተስማማችሁ። ኮሚሽነራችሁ ጋሪ ቤትማን የጨዋታውና የበሽታው ግንኙነት አልተረጋገጠም ሲሉ ኖረዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሳይንስ መምህር ስለሆንኩ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው፤ ጭንቅላት በድንገት ሲቆም ወይም ሲዞር አንጎሉ ወዲያውኑ አይቆምም። የራስ ቁር ቅሉን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ በውስጡ ያለውን መንቀሳቀስ ግን አያግደውም። ለዚህ ነው መከላከያውን አሻሽሉ የሚለው ምክር ብቻውን የማይበቃው፤ ምቱ ራሱ መቅረት አለበት።

ጨዋታው ይለሰልሳል የሚለውን ስጋት ደግሞ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ሰውነትን በሰውነት መግጨት ይቅር አላልኩም። ደረት አለ፣ ትከሻ አለ። የእኛም ገና ዱላው ዝቅ ካለ በኋላ አልለሰለሰም፤ እስከ ማታ እንሯሯጥ ነበር።

በግልባጭ ለጻፍኩላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ጥቂት ቃል አለኝ። የአልበርታና የኩቤክን የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ያነጻጸረ፣ በ2010 የታተመ የካልጋሪ ተመራማሪዎች ጥናት የአካል ግጭት በተፈቀደበት ውድድር የአንጎል መናወጥ አደጋ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል፤ የካናዳ ሆኪ ማኅበርም በ2013 በዚያ ዕድሜ ግጭትን አስቀርቷል። ኦንታሪዮ በ2018 የሮዋንን ሕግ አጽድቃለች፤ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ ከሜዳ መውጣት አለበት፣ ሐኪም ሳያይም አይመለስም። ሮዋን በ2013 በራግቢ ጨዋታ በተደጋጋሚ ጭንቅላቷን ተመትታ የሞተች የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ልጃችሁ ከተመታ በኋላ ካስመለሰው፣ ብርሃን ከበዛበት፣ የተጠየቀውን ደግሞ ከጠየቀ፣ «ወንድ ልጅ አይደለህም?» አትበሉት። እኛም እዚህ ጅማ በእግር ኳስ ሜዳው ዳር ቆመን ይህን ቃል ስንል እሰማለሁ፤ በጭንቅላት ኳስ ሁለት ልጆች ተጋጭተው ሲወድቁ ውኃ አፍስሰንባቸው እንመልሳቸዋለን። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ዛፍ ሥር አስመልሶ ሲመለስ «ና፣ ገና አላለቀም» ብዬ የጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሰው የልጁ እናት ናት፤ የሚልከውም ልጁ ነው። የጠየቅኳችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ጭንቅላት የነካ ሁሉ በሜዳ ላይ እንዲቀጣ፣ የታገደ ተጫዋች ቦታ ባዶ እንዲሆን፣ ከተቀማው ደመወዝም ለተመታው ሰው እንዲቀመጥለት። መልስ ብትሰጡኝ በእንግሊዝኛም ቢሆን ግድ የለም፤ ልጁ እሑድ ጠዋት በስልክ ያነብልኛል። ጓደኛዬም በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ እኔ ቤት ቡና ላይ ነው፤ ከብርሃኑ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እሱም ይሰማል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሳይንስ መምህር
ጅማ